የተመከሩት

በዚያ ትምህርት ቤት «ተመከረ» የሚለው ቃል ትርጉሙን ከለወጠ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ሌላ ቦታ ሰው ሲመከር ሊሻለው ነው ይባላል። እዚያ ግን፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አንዱ ከስኒው ቀና ብሎ «ያ ረጅሙ ልጅ የት ጠፋ?» ሲልና ሌላው «ተመከረ እኮ» ብሎ ሲመልስለት፣ ጠያቂው ከንፈሩን ይመጥና ወደ ሻዩ ይመለሳል። ቀብሩ መቼ ነው ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው የሚቀረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ ዓለም አቀፍ ከሚባሉት የግል ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው፤ ተማሪዎቹ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ዲፕሎማ ያጠኑበታል። ስድስት ትምህርት፣ አንድ ረጅም የጥናት ጽሑፍ፣ ከዚያ ፈተና። ሁሉም ተደምሮ ከአርባ አምስት ይታሰባል፤ ሃያ አራት ያመጣ ዲፕሎማውን ይይዛል። በየዓመቱ ደግሞ አንድ ድርጅት የየትምህርት ቤቱን አማካይ ውጤት ሰብስቦ ከአንደኛ እስከ መቶኛ ይደረድራቸዋል፤ ወላጆችም ያንን ሰንጠረዥ እንደ ሐኪም ማዘዣ ይዘው ልጆቻቸውን ያስመዘግባሉ። አማካዩ የሚሰላው ግን ሙሉውን ዲፕሎማ በሚፈተኑት ብቻ ነው። አንድ ልጅ ከዲፕሎማው ወጥቶ ትምህርቶቹን በተናጠል ከተፈተነ የየትምህርቱ ሰርተፍኬት ይሰጠዋል፣ በሰንጠረዡ ግን አይቆጠርም። ለሰንጠረዡ እንዳልተወለደ ነው። ስለዚህ የምዝገባው ዝርዝር ከመዘጋቱ በፊት፣ የደካማ ተማሪዎች ወላጆች ይጠራሉ። ይመከራሉ። ይፈርማሉ።

መካሪዋ የዲፕሎማ አስተባባሪዋ ነበረች። ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት ነው፣ ጠዋት ጠዋት አምሳ ይመስላታል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አስራ አንድ ቤተሰብ መክራለች። የመጀመሪያዎቹን ስትመክር ከወረቀት ላይ ታነብ ነበር። ስድስተኛው ላይ ንግግሩ በቃሏ ተያዘላት። ዘጠነኛው ላይ እየተናገረች፣ ቤት ውስጥ የልብስ ሳሙና አለ ወይስ አልቋል እያለች ታስብ ጀመር። አስራ አንዱን የተፈረመ ቅጽ በላስቲክ አስራ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀምጣለች፤ የምዝገባው ሲስተም በገቡበት ቁጥር አዲስ የይለፍ ቃል ስለሚጠይቅ፣ አንድ በአንድ ከምትጨቃጨቅ አስራ ሁለተኛው ሲሞላላት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ልታስገባ ነው። ዝርዝሩ የሚዘጋው ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አስራ ሁለተኛዋም ዛሬ ናት።

ያን ዕለት ጠዋት አባቷ ዳቦ እየቆረጠላት ነበር። ጡረታ የወጣ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነው፤ ዳቦውን እንኳ የሚቆርጠው እኩል እኩል አድርጎ ነው።

«ዘንድሮ ስንተኛ ልትወጡ ነው?» አላት።

«አስረኛ ነው የሚፈለገው።»

«አምናስ?»

«አስራ አንደኛ። ታውቃለህ እኮ አባዬ።»

«አውቃለሁ። ስትናገሪው ፊትሽን ላየው ብዬ ነው።» ዳቦውን ወደ እሷ ገፋላት። «እኔ በአንድ ክፍል ስልሳ ስምንት ልጅ ነበረኝ። ለስልሳ ስምንት ነበር የማካፍለው። አንዱማ ዓመቱን ሙሉ አልመጣም፤ ለእሱም አካፍያለሁ።»

«ዘመኑ ሌላ ነው።»

«ማካፈል ያው ነው።»

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከጡረተኛ የሒሳብ መምህር ጋር መከራከር ውሃ መውቀጥ ነው። ቦርሳዋን አንስታ፣ ዳቦውን በእጇ እንደያዘች ወጣች፤ አውቶቡስ ውስጥ እስክትገባ ድረስ መያዟንም ረስታው ነበር።

ርዕሰ መምህሩ ገና ከመድረሷ አስጠራት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር። የተማሪዎቹን ሁሉ የልደት ቀን ያውቃል፣ የጥበቃ ሠራተኛው ሲታመም ሆስፒታል ሄዶ ጠይቋል፣ ከዚያ ደግሞ ተመልሶ ቁጥሮቹ ላይ ይጎበጣል።

«እህቴ፣ ቁጭ በይ» አላት።

«እህቴ» ሲላት ጣጣ አለ ማለት ነው፤ ደህና ቀን በማዕረጓ ነው የሚጠራት። የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ እሷ አዞረው።

«ሠላሳ ስድስት ልጅ ቀርቶናል። የግምት ውጤታቸው አማካይ ሠላሳ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ። አምና አስረኛ የወጡት ያመጡት ሠላሳ አራት ነው።»

«መርፌ ስትወጣስ?»

«ሠላሳ አራት ነጥብ አንድ።» ጣቱን በቁጥሩ ላይ አሳረፈ። «አየሽ፣ አንድ ልጅ ናት። አንድ ልጅ።»

መርፌ የሚሏት እናቷ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ነው፤ ደግሞም ቀጭን ናት፣ ስትናገር ትወጋለች። ስሙን ያወጡላት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው፤ መምህራኑም ተቀበሉት፣ እሷም ተቀበለችው። የግምት ውጤቷ ሃያ ስድስት ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ከወዲሁ ተቀብሏታል፤ የጠየቃት ነገር ቢኖር ሙሉውን ዲፕሎማ እንድትይዝ ብቻ ነው። ነጥቡ ስንት ይሁን አላላትም።

«እናቷ ዛሬ ትመጣለች አይደል?» አለ ርዕሰ መምህሩ። «ብዙም አትቸገሪም። የደንብ ልብሳችንን የምትሰፋው እሷ አይደለችም እንዴ? ልጅቷንም በግማሽ ክፍያ ነው የምናስተምራት። እሷ እኛን እንዴት ብላ እምቢ ትላለች?»

ይህን ያላት ሊያስፈራራ ብሎ አልነበረም። ሊያጽናናት ነው። የሚያደክመውም ይኸው ነው።

እናትየው በሰባት ሰዓት ተኩል መጣች። በዚያ ትምህርት ቤት ለምክር የሚመጣ ወላጅ ፊቱ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ወይ ቁጣ፣ ወይ ፍርሃት፣ ወይም ከሥራ ተጠርቶ የመጣ ሰው መሰላቸት ይነበብበታል። የዚች ፊት ግን ሌላ ነበር። ራሷ የሰፋችው አመድማ ሙሉ ልብስ ለብሳለች፤ የትከሻው ስፌት እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሏል። ፀጉሯን ተሠርታለች። በእጇ በሪባን የታሰረ የኬክ ካርቶን ይዛለች።

«ሱቁን ዘግቼ ነው የመጣሁት» አለች ቁጭ ሳትል። «በአስራ ስድስት ዓመት ውስጥ በሥራ ቀን ሱቅ ስዘጋ የመጀመሪያዬ ነው። ለደንበኞቼ በሩ ላይ ጽፌ ለጠፍኩላቸው፣ ልጄ ተመርጣለች ብዬ።»

አስተባባሪዋ ካርቶኑን አየች። ከዚያ ሴትዮዋ በሌላ እጇ የያዘችውን፣ በጥንቃቄ የታጠፈውን ደብዳቤ አየች። ያን ጊዜ ገባት።

ደብዳቤውን የጻፈችው ራሷ ነበረች። በመጀመሪያው ዓመት «ልጅዎ ለአካዳሚክ ምክር ተጠርታለች» ይል ነበር፣ ወላጆችም እንደ ተርብ ተቆጥተው ይመጡ ነበር። ሁለተኛው ዓመት ላይ አንድ ቃል ቀየረች፣ አንድ ቃል ጨመረች። «ልጅዎ ለልዩ የአካዳሚክ ምክር ተመርጣለች።» ቁጣው ቀነሰ። ርዕሰ መምህሩ በስብሰባ ላይ አመስግኗታል፤ እሷም ለአንድ ቀን ያህል ኮርታበታለች። ቃሉን አምኖ ኬክ ይዞ የሚመጣ ሰው ይኖራል ብላ ግን አልገመተችም። ሌሎቹ ወላጆች ነጋዴዎች፣ ጠበቆች፣ ዲፕሎማቶች ናቸው፤ ደብዳቤ ሲያነቡ የሚያነቡት ያልተጻፈውን ነው። ይህች ሴት ያነበበችው የተጻፈውን ነው።

«ይቀመጡ» አለቻት።

«ምን ላይ ነው የተመረጠችው? ብጠይቃት ብጠይቃት አትነግረኝም። ሦስት ቀን ሙሉ አፏን ዘጋች። ያውቋት የለ፣ ቃል ከአፏ የሚጠፋ ልጅ አይደለችም። ለወንድሜ ደውዬ ነገርኩት፣ ምን ላይ ብሎ ሲጠይቀኝ አፈርኩ።»

አስተባባሪዋ የለመደችውን ንግግር ጀመረች። አፏ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል። ትምህርት ቤቱ ለተማሪዎቹ ደኅንነት ያለውን አሳቢነት፣ የዲፕሎማውን ክብደት፣ ጫና በወጣቶች ላይ ስለሚያመጣው ነገር፣ ስድስቱን ትምህርት በተናጠል መፈተን ስለሚሰጠው ፋታ። ሴትዮዋ ራሷን እየነቀነቀች ሰማቻት፤ ልብስ ሊያሠራ የመጣ ሰው ምን እንደሚፈልግ ሳያውቅ ሲቀባጥር የምትሰማው ዓይነት መስማት ነበር። ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ግን ፈገግታዋ ከፊቷ ወረደ።

«ቆይ እስቲ» አለች። «ሙሉ ልብስ አዝዤ ነበር። አሁን ኮቱ ይቅር፣ ሱሪውን ብቻ ውሰጂ ነው የምትሉኝ?»

«እንደዚያ እንኳ…»

«እንደዚያ ካልሆነ እንዴት ነው? እኔ የገባኝ እንደዚያ ነው። ይቺ ሰርተፍኬት የምትሏት ነገር፣ ያ የተቀበላት ዩኒቨርሲቲ ይቀበላታል?»

«ሌሎች ብዙ አማራጮች አሉ።»

«እሱን አልጠየቅኩም።»

«አይቀበላትም።»

በመስኮቱ በኩል የእረፍት ሰዓት ጫጫታ ይሰማል። ሴትዮዋ ኬኩን ከጠረጴዛው አንስታ ጉልበቷ ላይ አደረገችው፤ ልትበላው አይደለም፣ ለቅጹ ቦታ የለቀቀች ነው የሚመስለው።

«ጨርቅ ነው ልታጠና የመረጠችው» አለች። «እኔ ከጨርቅ ትውጣልኝ ብዬ ወገቤ እስኪቀነጠስ ሰፋሁ፣ እሷ የጨርቅ ምህንድስና አለችኝ። ይሁን አልኩ። እሺ። የፈተናው ውጤት ሃያ አራት ቢሞላ ይበቃታል አይደል? ምን ያህል ይሆንላታል ብላችሁ ነው የገመታችሁ?»

«ሃያ ስድስት።»

«ታዲያ ይበልጣል።»

«ይበልጣል። ግን ትንሽ ብትንሸራተት…»

«ብትንሸራተት ምን ይሆናል? ሰርተፍኬቱም ይቀርባታል?»

በአስራ አንድ ምክር ውስጥ ይህን ጥያቄ የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም። የሚጠይቁት ክፍያ ይመለሳል ወይ፣ ዲፕሎማ የማይጠይቅ ዩኒቨርሲቲ የት አለ፣ ልጁ ያፍራል ወይ እያሉ ነበር። ውድቀት ከመጣ ምን እንደሚጎድል የጠየቀ የለም፤ ሁሉም መጉደሉን አምኖ ነው የሚፈርመው። እሷም ሳይጠይቋት አልነገረቻቸውም።

«አይቀርባትም» አለች ቀስ ብላ። «ዲፕሎማውን ባታገኝም የየትምህርቱ ውጤት ይሰጣታል። ያው ሰርተፍኬቱ ነው።»

«እንግዲያው ብትሞክር የምታጣው ነገር የለም።»

«እሷ? የለም።»

«ታዲያ የሚጎዳው ማነው?»

«አማካያችን።»

«አማካያችሁ?» ሴትዮዋ ግንባሯን ቋጠረች። «ኳስ ተጫዋች ነው?»

አስተባባሪዋ ሳቀች። መሳቋ ራሷን አስደነገጣት፤ ከሁለት ሳምንት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር፣ ቦታውም ቦታ አልነበረም። ከዚያ በወረቀት ላይ እየጻፈች ስለ ሰንጠረዡ ነገረቻት፤ አስረኛና አስራ አንደኛ፣ ሠላሳ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ፣ ሠላሳ አራት ነጥብ አንድ። ሴትዮዋ ቁጥሮቹን ገልብጣ አነበበቻቸው። ስፌት የምታውቅ ሴት ለመለኪያ ቁጥር ባዳ አይደለችም።

«ነጥብ ሁለት» አለች። «በሜትር ብናስበው ሃያ ሳንቲ ነው። በሃያ ሳንቲ ጨርቅ እጅጌ እንኳ አይወጣም።» ከዚያ ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» ወረደች፣ ድምጿን ሳታነሳ። «ቅድም ምክር ነው ብለሻል። ምክር ከሆነ እምቢ ማለት እችላለሁ? ወይስ ትእዛዝ ሆኖ ስሙን ነው ምክር ያላችሁት?»

ደንቡ ግልጽ ነው። ያለ ወላጅ ፊርማ ማንንም ከዝርዝሩ ማውጣት አይቻልም። ርዕሰ መምህሩም ያውቀዋል፣ እሷም ታውቀዋለች፤ ለዚያ ነው ንግግሩ የሚያስፈልገው።

«ይችላሉ» አለች።

«የደንብ ልብሱንስ ይነጥቁኛል?»

«አላውቅም። ሊሆን ይችላል።»

«ያንን ኮሌታ እንደኔ የሚያዞርላቸው ካገኙ ይሂዱ።» ይህን ያለችው ከልቧ ይሁን ወይም ለራሷ ድፍረት ለመስጠት አይታወቅም፤ ጣቶቿ ግን የካርቶኑን ሪባን እያጠነጠኑ ነበር። «በይ እንግዲህ ምከሪኝ። የእውነቱን። ልጅሽ ብትሆን ትፈርሚያለሽ?»

«አልፈርምም።»

በሩ ተንኳኳና ተከፈተ። መርፌ ናት። መተላለፊያው ላይ ስንት ሰዓት እንደቆመች እንጃ፤ የቦርሳዋ ማንገቻ ትከሻዋ ላይ ተጠምዟል፣ ዓይኖቿ ሥር ጠቁሯል። ከአስራ ሰባት ዓመት ልጅ የማይጠበቅ ድካም ነው፤ እዚያ ትምህርት ቤት ግን የተለመደ ነው።

«እማዬ፣ ፈርሚላቸው በቃ» አለች።

«ምን?»

«ፈርሚ። ደክሞኛል። ያ የጥናት ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ተመልሶብኛል። ሁሉም ያውቃል እኮ መመከሬን። ‹ተመርጣለች› ሲል ምን ማለት እንደሆነ እኔ ደብዳቤው ሲደርስ ነው ያወቅኩት።»

እናትየው ቀስ ብላ ዞረች። «ታዲያ ሱቁ በር ላይ ስለጥፍ ቆመሽ ያየሽኝ ለምንድን ነው?»

«ፕላስተሩን ያቀበልኩሽ እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ። «ደስ ብሎሽ ነበር። ምን ልበልሽ?»

አስተባባሪዋ ዓይኖቿን ወዴት እንደምታደርግ ጠፋት። የቤተሰብ ገበና ሲገለጥ ባዳ ሰው ይወጣል፤ ቢሮው ግን የእሷ ነበር። እናትየው ካርቶኑን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ተነሳች፣ የልጅቷን የቦርሳ ማንገቻ አቃናች፣ በዚያው እጇን እዚያው ተወችው።

«ደክሞኝ አያውቅም መሰለሽ?» አለቻት። «ደክሞሽ ከሆነ ተኚ። ነገ ቅሪ፣ ተኚ። መተኛትና መፈረም ግን ሁለት ነገር ነው።»

«ብወድቅስ?»

«ያልሰማሽው እሱን ነው?» እናትየው አገጯን ወደ አስተባባሪዋ አነሳች። «ንገሪያት።»

አስተባባሪዋ ደግማ ነገረቻት። ብትወድቂም የየትምህርቱ ውጤት ያው ይሰጥሻል። ከሞከርሽ ታገኚው ይሆናል፣ ካልሞከርሽ በእርግጥ አታገኚውም። ጽሑፉ ሦስት ጊዜ የተመለሰው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ማጣቀሻዎቹ ስላልተስተካከሉ ነው፣ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፣ ከፈለግሽ ከእኔ ጋር ቁጭ ብለን እናስተካክለዋለን። ይህን ሁሉ ያለ ንግግሩ፣ እንደመጣላት ነበር የተናገረችው። አረፍተ ነገሮቿ ተደነቃቀፉ።

መርፌ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ከዚያ እንደ ስሟ ሆነች።

«ይህን ለአስራ አንዱ ነግረዋቸው ነበር፣ ሚስ?»

«አልነገርኳቸውም።»

«እሺ» አለች ልጅቷ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ለአስተባባሪዋ ይሻላት ነበር። የግድግዳውን ሰዓት አየች። «ሒሳብ አለኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ነው።» ቅጹን ከጠረጴዛው አንስታ ለእናቷ ሰጠቻት፣ እናቷም አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ እንደ ማስረጃ ይሁን እንደ ቆሻሻ አልተናገረችም። ኬኩን ግን ትታው ሄደች። «የተመረጠች ባትሆንም ኬኩ ተከፍሎበታል» ነበር ከበሩ ላይ ያለችው።

አስተባባሪዋ በሩን ዘግታ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ቀሪ ሠላሳ ስድስቱን እንዳሉ ትታ፣ አስራ አንዱን አውጥታ፣ አንዷን ብቻ እምቢ አለች ብላ ሪፖርት ብታደርግ ይቻል ነበር። ርዕሰ መምህሩ ይከፋዋል፣ አስራ አንደኛ ይወጣሉ፣ ዓመቱ ያልፋል። ጉዳዩ በዚያ እንዲያልቅ ድካሟ ሁሉ ይጎትታት ነበር። ልጅቷ ጥያቄውን ባትጠይቅ ኖሮ እንዲያ ታደርግ ነበር፤ ይህን ስለ ራሷ በደንብ ታውቀዋለች።

መሳቢያውን ሳበች። ላስቲኩን ፈታች። ቅጾቹ ላይ የወላጆቹ ስልክ ተጽፏል። ከስምንት ሰዓት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ሦስት ሰዓት አለ።

የመጀመሪያው መድኃኒት አስመጪ ነበር። ሲሰማት ቆየና፣ «ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልነገርሽኝም?» አላት። «ስላልጠየቁኝ» ልትል አፏ ላይ ከደረሰ በኋላ ዋጠችው። «መንገር ነበረብኝ» አለች። ልጁን ወደ ዲፕሎማው እንድትመልሰው ጠየቃት፣ ቻው ሳይል ስልኩን ዘጋ። ሁለተኛዋ እናት ስብሰባ ላይ ናት፣ አላነሳችም። ሦስተኛዋ አነሳች፤ «ልጄ ከተመከረ ወዲህ ነው እንቅልፍ የተኛው፣ በሕይወቱ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም፣ እባክሽ ተዪው» አለቻት። ይህንንም ጻፈችው። አራተኛው ሳቀባት፤ «እናንተ ሰዎች ስትመክሩም ምክራችሁን ስትመልሱም ትገርሙኛላችሁ» ብሎ ልጁ ይመለስ አላት። አምስተኛው ጋ ስትደውል አያት አነሱ፤ ጆሯቸው ስለሚከብድ የተናገረችውን ሁሉ ሦስት ጊዜ እየጮኸች ደገመችላቸው፣ ጩኸቷን መተላለፊያው ሁሉ ሰማው። ኬኩን ከፍታ ቁራጭ በላች። ጥሩ ኬክ ነበር።

አስር ሰዓት ተኩል ላይ ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አላት። «እህቴ» የለም፣ ማዕረግም የለም።

«እየመከርኩ።»

ገብቶ እናትየው የተቀመጠችበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። በቀይ እስክሪብቶ የጻፈቻቸውን ምልክቶች አየ። ብልህ ሰው ነው፣ ማስረዳት አላስፈለጋትም። ሰባት ወላጅ አግኝታለች፤ አራቱ ልጆቻቸውን መልሰዋል፣ ሦስቱ ባለበት ይሁን ብለዋል። አራቱ ስልክ አላነሱም።

«ያላነሱት ፈርመዋል» አለ። «ፊርማቸው እጅሽ ላይ ነው። አውጪያቸው።»

«የፈረሙት ሳያውቁ ነው።»

«ሕፃናት አይደሉም። አንብበው ነው የፈረሙት።»

«እኔ የጻፍኩትን ነው ያነበቡት።» «ከዲፕሎማው ዝርዝሩ ከተዘጋ በኋላም መውጣት ይቻላል። ከአስራ አንድ ሰዓት በኋላ መግባት ግን አይቻልም። ስለዚህ አራቱን ካሉበት አላንቀሳቅሳቸውም። ካልፈለጉ ነገ ይወጣሉ።»

ርዕሰ መምህሩ በአእምሮው ማስላት ጀመረ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል።

«አርባ አራት ልጅ» አለ። «ሠላሳ ሁለት ነጥብ ስድስት። ስንተኛ ነው ይህ?»

«አስራ ዘጠነኛ። ሃያኛም ሊሆን ይችላል።»

«ባነሩ ታትሟል እኮ። ‹ከምርጥ አስሩ› የሚለው።»

«ዓመት ተጽፎበታል?»

«የለም።»

«እንግዲያው ያስቀምጡት።»

ሊቆጣት ፈልጎ ነበር፤ ጉልበቱ ግን አልነበረውም። እሱም ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም፤ የቦርዱ ሰብሳቢ ሁለት ጊዜ ደውሎለታል፣ ምሽት ላይ ሦስተኛ ጊዜ ይደውላል። ዓይኖቹን በመዳፎቹ አሻሸ።

«ከነገ ጀምሮ አስተባባሪ አትሆኚም» አለ። «እኔ ሳልሆን ቦርዱ ነው የሚለው። ግን እኔ ነኝ የምነግርሽ።»

«ገብቶኛል።»

«ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ መምህር ጎድሎናል።»

«አውቃለሁ። አርባ ሁለት ናቸው፣ አይደል?»

«አርባ ሦስት። አንድ ትናንት ተመዘገበ።»

አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ሲስተሙ አዲስ የይለፍ ቃል ጠየቃት። ሰጠችው። ሦስቱን ቀየረች፣ አርባ አራቱን እንዳሉ ተወቻቸው። ላክ የሚለውን ስትጫን ርዕሰ መምህሩ ከጎኗ ቆሞ ነበር፤ ክንዷን አልያዘም፣ ተዪውም አላላትም። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ምልክት ወጣ። ሁለቱም አዩት፤ ከዚያ እሱ ኮቱን አነሳና «ኬክ አለ እንዴ?» ብሎ ጠይቋት፣ አንድ ቁራጭ በናፕኪን ጠቅልሎ ወጣ።

ስልኩ ጮኸ። ካላነሱት አራቱ አንዷ ናት፤ ከኋላዋ የመኪና ድምፅ ይሰማል፣ ትራፊክ ውስጥ ናት።

«ደውለሽልኝ ነበር? ከትምህርት ቤቱ ነው አይደል? ልጁ ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አለች አስተባባሪዋ። «መኪናውን ዳር ሊያቆሙ ይችላሉ?»

«ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። ስለ ፈረሙት ቅጽ ያልነገርኩዎት ነገር አለ።»

ድምጿ ሻክሯል። ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበችና፣ ለስምንተኛ ጊዜ፣ ከመጀመሪያው ጀመረች።